መልስ፦ ማውዝ ፓዱ ለተነሳበት የኮምቦልቻው ወንድሜ

ወንድሜ፣ «የላፕቶፔ ማውዝ ፓድ ወደ ላይ ተነስቷል፣ ራሴ ልፍታው?» ላልከው፣ ባትሪው አብጦ ሊሆን ስለሚችል ላፕቶፑን አሁኑኑ አጥፋው። ቻርጀሩንም ንቀል። ሥራዬን ልጨርስ እንዳትል! ያበጠ ባትሪ ከተበሳ ወይም ከተጣመመ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በሙጫ የተያዘ ከሆነ ለባለሙያ ስጠው እንጂ በጉልበት አትገንጥለው። በብሎን ብቻ ከታሰረ ግን መጀመሪያ ከማዘርቦርዱ (ከላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ጋር የሚያገናኘውን ሶኬት ቀስ ብለህ ንቀል፣ ከዚያ ብሎኖቹን ፍታ።

አዲስ ለመግዛት ደሴ የምትወጣ ከሆነ የባትሪውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ሂድ። ያበጠውን በቦርሳ ይዘህ ሰው የሞላበት ሚኒባስ ውስጥ እንዳትገባ፣ አደራ! የሞዴል ቁጥሩና ቮልቱ መግጠም አለበት። ቅርጻቸው ቢመሳሰልም 7.6 እና 11.4 ቮልት አንድ አይደሉም። አሮጌውን እስክታስወግደው ድረስ ፀሐይ ከማይመታው፣ የሚቃጠል ነገር ከሌለበት ቦታ አኑረው።