ከመስኮቱ የሚሸሽ አድራሻ

ጥያቄ፦ ለደንበኞች በብዛት የሚላክ የደብዳቤ ቴምፕሌት በፒዲኤፍ አዘጋጀሁ። ስክሪን ላይ ምንም አይወጣለትም። ታትሞ መስኮት ያለው ፖስታ ውስጥ ሲገባ ግን አድራሻው ወደ ታች ወርዶ ግማሹ ይደበቃል። ይባስ ብሎ አንዳንድ ስም ላይ ባዶ ሳጥን ይወጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሳጥኑ ልጀምር፤ ደንበኛን የሚያስቀይመው እሱ ነው። ፒዲኤፍ ሲዘጋጅ አብዛኛው ፕሮግራም ከፎንቱ ውስጥ ሰነዱ ላይ የተጻፉትን ፊደላት ብቻ ነው ይዞ የሚገባው። ደብዳቤዎ ውስጥ «ጴ» ከሌለች ፋይሉ ውስጥም የለችም። ከዚያ ቴምፕሌቱ ላይ የደንበኞችን ስም ከዳታቤዝ እያመጣ የሚሞላው ሲስተም «ጴጥሮስ» የሚል ስም ያመጣና ሳጥን ያትማል። የላቲን ፊደል ጥቂት ስለሆነ ይህ ብዙም አያጋጥመውም። የእኛ ግን መደበኛው ብቻ 231 ነው። ስለዚህ ፎንቱ ሙሉ በሙሉ እንዲገባ አድርገው ያስቀምጡ፤ ፋይሉ ቢከብድም ይክበድ። ፎንቱ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) የሚከተል መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ይሆናል። የድሮዎቹ ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ቦታ ነው የሚያስቀምጡት፤ ከዳታቤዝ ከሚመጣ የዩኒኮድ ስም ጋር አይግባቡም።

ወደ አድራሻው እንምጣ። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፕሪንተሩ ገጹን «ልክ ላስገባ» ብሎ ማሳነሱን ነው። 97 በመቶ ሲሆን ዓይን አያየውም። ግን ሁሉም ነገር ወደ ገጹ መሃል ይሰበሰባል፤ ከላይ 60 ሚሊሜትር ላይ የነበረ መስመር 3 ሚሊሜትር ገደማ ወደ ታች ይወርዳል። ማወቂያው ቀላል ነው። ቴምፕሌቱ ላይ ልክ 100 ሚሊሜትር የሆነ መስመር ያስምሩ፣ ያትሙ፣ በማስመሪያ ይለኩ። 97 ከሆነ ተገኘ፤ ማተሚያ ክፍሉ በ100 በመቶ ያትምልዎ። የገጹ መጠንም ኤፎር (210 በ297) እንጂ ሌተር የሚባለው የአሜሪካ ወረቀት እንዳይሆን።

ልኩ ትክክል ሆኖም አድራሻው ሊሸሽ ይችላል። ለሦስት እኩል የታጠፈ ኤፎር ቁመቱ 99 ሚሊሜትር ነው፤ ለእሱ የሚሆነው ዲኤል የሚባለው ረጅም ፖስታ ደግሞ 110። ወረቀቱ ውስጥ ይንሸራተታል ማለት ነው። አንዱን አጥፈው ያስገቡና ፖስታውን በአራቱም ጎን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ያድርጉት። በየትኛውም በኩል ቢንሸራተት አድራሻው ሙሉ መታየት አለበት። የደንበኛው የሒሳብ ቁጥር በመስኮቱ ብቅ ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ያንን መስመር ከአድራሻው ያርቁት። ይህን ሙከራ በራስዎ አጭር ስም አይሥሩት፤ ከዳታው ረጅሙን አድራሻ ፈልገው ይጠቀሙ።

ፎቶ ካለ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን፣ ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ብቻ። ኅዳጉ ላይ ምንም ከማስቀመጥዎ በፊት ግን ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ይጠይቁ። አጥፎ የሚያሽገው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ጥቋቁር ምልክቶችን ከዚያ ያነባል፤ ያማረ ጌጥ ከተደረበባቸው የአንዱን ሰው ደብዳቤ ለሌላው ሊያሽግ ይችላል።