«ታዲያ ብሬን ማን በላው?»

ማዕከላዊ ባንክ ከመንግሥት የምር ነፃ ሊሆን ይችላል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ የደሴ ልጆች፣

ጥያቄያችሁ የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ። 2003 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ አንድ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ሰኞ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ አንዲት እናት ብራቸውን ከመቀነታቸው እየፈቱ መስኮቱ ላይ ይደረድሩልኛል። ኖቶቹ ከቅቤው ብዛት እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ በጣቴ እያላቀቅኩ እቆጥራለሁ። ለቤታቸው ክዳን ነው። «ልጄ፣ ቆርቆሮውን አሁኑኑ ልግዛ ወይስ እዚህ ይቀመጥ?» አሉኝ። ባንክ ወለድ አለው አልኳቸው። የቁጠባ ወለዱ 5 በመቶ ነበር። ነሐሴ ላይ የዋጋ ንረቱ 40 በመቶ ደረሰ። መስከረም ሊያወጡ ሲመጡ ብሩ ከነወለዱ አለ፤ የቆርቆሮው ዋጋ ግን ጥሏቸው ሄዷል። አልተቆጡም። ደብተሩን አገላብጠው አዩና «ታዲያ ብሬን ማን በላው?» አሉ።

«ገበያው ነው እማማ» አልኳቸው። ይቺ መልስ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። በዓለም ላይም እህልና ነዳጅ ተወዶ ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ግን መንግሥት በጀት ሲጎድለው ከማዕከላዊ ባንካችን፣ ከብሔራዊ ባንክ፣ በቀጥታ ይበደር እንደነበርም አውቃለሁ። ያ አዲስ የተፈጠረ ብር ነው፤ ብር ሲበዛ ደግሞ የእማማ ብር የሚገዛው ያንሳል።

ነፃነት የምለው የባንኩ ገዥ «አይሆንም» ብሎ በማግስቱም ወንበሩ ላይ ሲገኝ ነው። ቱርክ ከ2019 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሦስት ገዥ አባራለች። ሕጉ ላይ ግን ባንኩ ነፃ ነው። የእኛም አዲስ የብሔራዊ ባንክ አዋጅ ለመንግሥት በሚሰጠው ቀጥታ ብድር ላይ ገደብ አስቀምጧል። እናንተ ቴሌግራም ላይ የዶላር ምንዛሬ ስታሳድዱ አዋጁን ያነበበ አንድ ልጅ አላገኘሁም።

አማራጩ ምንድን ነው ካላችሁ ጅቡቲ የሚመላለሱትን የኮምቦልቻ የከባድ መኪና ሹፌሮች ጠይቁ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር 177.721 የጅቡቲ ፍራንክ ነው፤ ንቅንቅ የለም። ዶላር ሳይዙ ፍራንክ አያትሙም። አያቴም ባቲ ገበያ የሚያምኑት ጠገራ ብር፣ የማሪያ ቴሬዛን የብር ሳንቲም፣ ብቻ ነበር። ሁሉም ላይ 1780 የሚል ተቀርጾበታል፤ እዚህ አገር የሚያትመው መንግሥት አልነበረም።

እኔም የጅቡቲን መንገድ ስመኝ ኖሬያለሁ። አሁን ስጽፈው ግን ፈራሁ። እነሱ ወደብና የጦር ሠፈር ኪራይ አላቸው። እኛ ወሎ ላይ ድርቅ ሲገባ፣ ዶላር ሲጠፋ፣ ብሩም አብሮ ይጥፋ? እዚህ ላይ የተሻለ ሐሳብ ያለው ፒያሳ ይምጣ፤ ቡናው በእኔ ነው።