ጊት የሌለበት ቢሮ ለገባኸው ልጅ

«ደሴ አንድ ትንሽ ሶፍትዌር ቤት ተቀጠርኩ። ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዘው ፕሮግራም) የለም፣ ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) የለም፣ ሁሉም ሰርቨሩ ላይ ገብቶ ኮድ ይቀይራል። ልልቀቅ ወይስ ልቻለው?» ላልከው ወንድሜ፦ አብሽር። እኔም ኮምቦልቻ እንዲህ ያለ ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ።

1. ጊትን ማንንም ሳታስፈቅድ ላፕቶፕህ ላይ ጀምር። እኔ ባስፈቅድ አለቃዬ «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የምን ጊት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ጊትና ጊትሃብ (በጊት የተያዘ ኮድ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) አንድ መስለውት ነው። ጊት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ታሪኩ በሙሉ እዚያው ፎልደሩ ውስጥ ነው ያለው። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ኮሚት ያደረግኩባቸው (ለውጤን ጊት ላይ የመዘገብኩባቸው) ቀኖች ብዙ ናቸው።

2. ዳታቤዝ። የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ደንበኛችን ደሴ ፒያሳ መለዋወጫ የሚሸጡ ሐጂ ነበሩ። የአንድ ዕቃ ዋጋ ልቀይር አፕዴቱን (ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን የሚቀይረውን ትእዛዝ) በሁለት መስመር ጻፍኩ። ቸኩዬ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ መርጬ አስኬድኩት። የትኛው ዕቃ እንደሚቀየር የሚለየው ዌር ሁለተኛው ላይ ነበር! ከፍሬን ሸራ እስከ ቡሎን ሁሉም 4,500 ብር ሆነ። ሐጂ ደውለው «ልጄ፣ ቡሎን ወርቅ ሆነ እንዴ?» አሉኝ።

«ባክአፕ በየሌሊቱ ይወሰዳል» ይሉ ነበር። ፋይሎቹ በእርግጥ አሉ፤ ሁሉም ግን ዜሮ ባይት ናቸው። የዳታቤዙ ፓስወርድ ሲቀየር ባክአፕ የሚወስደውን ስክሪፕት ያስተካከለው የለም። ባዶ ፋይል እየፈጠረ ወራት አልፈዋል፤ ከፍቶ ያየ ሰው የለም። አለቃዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ «አዲሱ ልጅ ነው ያበላሸው» አላቸው፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ! አምስት ቀን በሚኒባስ ደሴ እየወጣሁ ዋጋውን ከሐጂ ደብተር አንድ በአንድ መለስኩ። ትራንስፖርቱ ከኪሴ ነው። ሐጂ ግን ቡናቸውን አልከለከሉኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ በዚያው ዌር ሴሌክት አድርገህ (ሳትቀይር አሳየኝ ብለህ) ስንት መስመር እንደሚነካ እይ። ከዚያ ትራንዛክሽን ከፍተህ አፕዴት አድርግ። ቁጥሩ ካልገጠመ ሮልባክ በል፤ ትራንዛክሽኑ ውስጥ የቀየርከው ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ባክአፑንም ላፕቶፕህ ላይ መልሰህ ሞክረው።

3. ስለ ቴስት አትከራከር፤ ለራስህ ኮድ ቴስት ጻፍና ዝም በል። እኔ ስጽፍ የሳቁብኝ ልጆች ኋላ ኮዳቸውን «እስቲ እየው» ይሉኝ ነበር።

መልቀቁን ሌላ ሥራ ሳታገኝ አታስበው። ስትለቅም ያስረከብከውን ሁሉ በወረቀት አስፈርም። እኔ ከወጣሁ በኋላ ደውለው «ሰርቨሩን ምን አደረግከው?» አሉኝ። የፈረሙበትን ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው።