መልስ፦ ኤምቪሲ፣ ኤምቪቪኤም ወይስ የአንድ አቅጣጫ ፍሰት?

ብዙ ቅጾች ላሉት የዴስክቶፕ ፕሮግራም ከኤምቪሲ (MVC)፣ ከኤምቪቪኤም (MVVM) እና የስክሪን መገንቢያው ላይብረሪ ሪአክት ከሚከተለው የአንድ አቅጣጫ ፍሰት የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋል። ሦስቱም የፕሮግራሙን መረጃና ስክሪን የማደራጃ መንገዶች ናቸው። ዋናው ልዩነታቸው መረጃው ሲለወጥ ስክሪኑን የሚያድሰው ማን ነው የሚለው ነው።

ትሪግቬ ሪንስካውግ እ.ኤ.አ. በ1979 በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል በፓርክ (PARC) የነደፉት ኤምቪሲ መረጃውን ከማሳያው ይለያል፤ ሆኖም ማሳያው ለውጡን ተከትሎ ራሱን የሚያድስበትን ኮድ የሚጽፈው ፕሮግራመሩ ነው። በማይክሮሶፍት የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ በደብሊውፒኤፍ (WPF) የታወቀው ኤምቪቪኤም ይህን ሥራ መረጃውንና ስክሪኑን በራሱ ለሚያገናኘው ዳታ ባይንዲንግ ስለሚተው ለቅጽ በጣም ይመቻል።

ችግሩ የሚመጣው የቅጹ መስኮች (መሙያ ቦታዎች) እርስ በርስ ሲተሳሰሩ ነው። ለምሳሌ «ሁሉንም ምረጥ» የሚለው ሳጥን የዝርዝሩን ሳጥኖች ሲለውጥ፣ እነሱም መልሰው እሱን ሲለውጡት፣ የትኛው ለውጥ ከየት እንደተነሳ መከታተል እጅግ አድካሚ ይሆናል። መረጃ ከአንድ ቦታ ወደ ማሳያው ብቻ በሚወርድበት የአንድ አቅጣጫ ፍሰት ግን የተመረጡት ሳጥኖች መለያ ቁጥሮች ብቻ በአንድ ቦታ ይቀመጣሉ፤ «ሁሉንም ምረጥ» የራሱ የተቀመጠ ዋጋ ሳይኖረው ማሳያው በታደሰ ቁጥር ከእነሱ ስለሚሰላ ሁለቱ ሊቃረኑ አይችሉም። ሪአክት አዲሱን የማሳያ ገለጻ ከቀድሞው ጋር አነጻጽሮ የተለወጠውን ብቻ ስለሚያድስ ፍጥነቱ ለቅጽ አያሳስብም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ረድፎች ላሉት ሠንጠረዥ ግን የሚታዩትን ብቻ መገንባት ያስፈልጋል።

በቅጾችዎ ውስጥ አንዱ መስክ ሌላውን የሚወስን ከሆነ ያለማመንታት የአንድ አቅጣጫውን ፍሰት እመክራለሁ፤ ቅጾቹ ቀላል ከሆኑና ደብሊውፒኤፍን አስቀድመው የሚያውቁ ከሆነ ግን በኤምቪቪኤም ቢሠሩ ይሻላል።