የጥንት ሬስሊንግ በአዲስ ቲቪ፦ መስመሩ ከፊልሙ፣ ውፍረቱ ከሪሞቱ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። አጎቴ ቺካጎ ብዙ ዓመት ኖረው አምና ጠቅልለው ገብተዋል። ነፍሳቸው የሚወደው በ1940ዎቹና በ50ዎቹ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ ሬስሊንግ ነው። ከፊሉን እኔ አውርጄ በፍላሽ ጫንኩላቸው፤ ከፊሉን እሳቸው በቪኤችኤስ ካሴት ይዘው መጥተዋል። ባለ 55 ኢንች ቲቪ ገዛንላቸው። ግን ተጋጣሚዎቹ ሁሉ ድንች መስለዋል። ስክሪኑ መሃል ላይ አግድም መስመር ብልጭ ድርግም ይላል። ሲንቀሳቀሱ ጠርዛቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ድምፁ ያጉረመርማል፣ ከምስሉም ጋር አይገጥምም። እዚህ ያሳየሁት ባለሙያ ‹ፓነሉ ሄዷል፣ ይቀየር› አለኝ። ለካሴቱ ደግሞ ከአሜሪካ ዴክ ልናስመጣ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፓነሉን (ምስል የሚያወጣውን ራሱን ስክሪኑን) እንዳታስቀይር። የ55 ኢንች ፓነል ዋጋ ከራሱ ከቲቪው ብዙም አይርቅም፤ ከዘረዘርከው ውስጥ ደግሞ አንዱም የፓነል ብልሽት አይመስልም። ማረጋገጫው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መስመሩ ሲታይ የቲቪውን ሜኑ በላዩ ላይ አውጣ። የፓነል መስመር ሜኑውንም ይቆርጠዋል፤ ዜና ብትከፍት፣ ኳስ ብትከፍት እዚያው ቦታ ተገትሮ ታገኘዋለህ። ያንተው ግን ሜኑው ላይ የሚወጣ አይመስለኝም፤ ከፊልሙ ጋር መጥቶ ከፊልሙ ጋር ነው የሚሄደው። ሜኑውን ከቆረጠው ያኔ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ሰውዬው ልክ ነው።

መስመሩ ከየት እንደመጣ ልንገርህ፤ አጎትህም ቢሰሙት ደስ ይላቸዋል፣ የሰፈራቸው ታሪክ ነውና። ያኔ ቪዲዮ ቴፕ የለም። አምፔክስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለጣቢያዎች የሚሆን የቪዲዮ ቴፕ መቅጃውን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ከዚያ በፊት ሬስሊንጉ በቀጥታ ይተላለፋል፣ ያልቃል፣ አለቀ። ዱሞንት የሚባለው ኔትወርክ ቅዳሜ ማታ ማታ ከቺካጎው ማሪጎልድ አሬና ያስተላልፍ ነበር፤ ኮሜንታተሩ ጃክ ብሪክሃውስ። ኒውዮርክና ቺካጎ በኬብል የተገናኙት በጃንዋሪ 1949 ነው፤ የምዕራቡ ጠረፍ እስኪገናኝ ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር 1951 ተጠብቋል። ታዲያ ኬብሉ ያልደረሰባቸው ከተሞች በምን ይዩ? የ16 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ ከአንዲት ትንሽ ደማቅ ቲቪ ፊት ይገተርና ስክሪኑ ይቀረጻል፤ ፊልሙ ታጥቦ በፖስታ ይላካል። ኪኒስኮፕ የሚባለው ይኸው ነው። ዛሬ ሰው ስልኩን ቲቪው ላይ ደቅኖ ጎል ቀድቶ በቴሌግራም እንደሚልከው ዓይነት። አንተ የምታየው እንግዲህ ሬስሊንጉን ሳይሆን ሬስሊንጉን የሚያሳይ ቲቪ ነው።

ስልክህን ባለ ሆዱ የድሮ ቲቪ ላይ ደቅነህ ቀርጸህ ታውቅ እንደሆነ፣ ጥቁር ጥላ ስክሪኑን ሲያቋርጥ አይተሃል። ነገሩ የሱ ዘመድ ነው። የአሜሪካ ቲቪ ስክሪኑን በሰከንድ 60 ጊዜ ከላይ እስከ ታች ይጠርጋል፤ አንድ መስመር እየዘለለ ስለሚጠርግ ሁለት ጠረጋ ተደምሮ አንድ ሙሉ ምስል ይወጣዋል። በሰከንድ 30 ምስል ማለት ነው። ፊልሙ ግን በሰከንድ 24 ነው የሚሄደው። ስለዚህ ካሜራው ለሁለት ጠረጋ ዓይኑን ይከፍታል፣ ከዚያ ፊልሙን ለመጎተት ለግማሽ ጠረጋ፣ የሰከንድ 1/120ኛ ያህል፣ ይጨፍናል። ጣጣው ያ ግማሽ ነው። ግማሽ ጠረጋ ሲዘለል ቀጣዩ ምስል ከስክሪኑ አናት አይጀምርም፤ ከወገቡ ይጀምራል። ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ይዞራል፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ወገቡ ላይ ይገጥማል። ስፌቱ እዚያ ነው። ካሜራው በፀጉር ያህል ዘግይቶ ከጨፈነ ስፌቱ ላይ ብርሃን ይደራረብና ነጭ ይሆናል፤ ቀድሞ ከጨፈነ ክፍተት ይቀርና ጥቁር ይሆናል። ይህ በየሁለተኛው ምስል፣ በሰከንድ 12 ጊዜ ይመላለሳል። ባለሙያው ፓነል ነው ያለህ ይኸንን ነው።

ማጥፋት አትችልም፤ እኔም አልችልም። ማደብዘዝ ግን ትችላለህ። የፒክቸር ሞዱን «ዳይናሚክ» ወይም «ቪቪድ» ላይ ካደረግከው ስፌቱን ራሱ እያጎላህ ነው። ወደ «ሙቪ» ወይም «ሲኒማ» አውርደው፣ ኮንትራስቱን ትንሽ ቀንስ፣ የሳሎኑንም መብራት ለስለስ አድርግ። አንድ ምሽት ካየህ በኋላ ዓይንህ ይለምደዋል።

ሌላም አለ፣ አንተ አልጻፍከውም እንጂ። ጎርጀስ ጆርጅን ፈልገህ እየው፤ ያን ጠጉሩን በወርቅማ ቀለም አቅልሞና ጠቅልሎ፣ ካባ ለብሶ፣ አሽከሩ ሪንጉን ሽቶ እየረጨለት የሚገባውን። ጠጉሩ ዙሪያ ከሰል የመሰለ ጥቁር ጥላ ታያለህ። እሱም ብልሽት አይደለም። ኢሜጅ ኦርቲኮን የሚባለው የዚያ ዘመን የካሜራ ቱቦ በጣም ደማቅ ነገር ሲያይ ዙሪያውን ያጠቁራል። ሰውዬው ሆን ብሎ ባያቅደውም ከሌላው ሁሉ ተለይቶ እንዲወጣ ረድቶታል ባይ ነኝ።

ውፍረቱ ግን ሙሉ በሙሉ የሪሞት ጉዳይ ነው። ያ ምስል የተሠራው 4 በ3 ለሆነ ስክሪን ነው፤ ያንተ ቲቪ 16 በ9 ነው። ስክሪኑ እንዲሞላ ሲለጠጥ ሰው ሁሉ ወደ ጎን በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል። ሉ ቴዝን የመሰለ ቀጥ ያለ ስፖርተኛ የጎተራ ቅርጽ ይይዛል። ሳምሰንግ ከሆነ «ፒክቸር ሳይዝ»፣ ኤልጂ ከሆነ «አስፔክት ሬሾ» ውስጥ ግባና 4፡3 ወይም «ኦሪጅናል» አድርገው። በቀኝና በግራ ጥቁር ይቀራል። አውቃለሁ፣ እኛ አገር ይኼ አይወደድም፤ «ለ55 ኢንች ከፍዬ 45 ላይ?» የሚለኝ ደንበኛ ስንት አለ። «ዙም» ልበል ብትል ደግሞ ከላይና ከታች ተደምሮ የምስሉን ሩቡን ትቆርጠዋለህ። ሬስሊንግ ላይ የታችኛው ክፍል ማለት ምንጣፉ ነው፤ ትከሻ ሲነካና ዳኛው ሦስት ሲቆጥር የሚታየው እዚያ ነው። ሪሞቱን አስተካክለህም ሰው ከወፈረ ፋይሉን ያወጣው ሰው ራሱ ለጥጦታል ማለት ነው፤ ያኔ ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈትና ትክክለኛው ቅርጽ እስኪመጣ የ«ኤ» ቁልፍን ደጋግመህ ተጫን።

የማበጠሪያው ጥርስ ደግሞ ከኋላ የመጣ ነው። በሰከንድ 24 የሆነው ፊልም ለአሜሪካ ቪዲዮ ሲገለበጥ እንደገና ወደ 60 ጠረጋ መዘርጋት ነበረበት። አንዱን ምስል ሁለት ጊዜ፣ ቀጣዩን ሦስት ጊዜ እየደገሙ ነው የሚዘረጉት። በዚህ መሃል ከአምስት ምስል ሁለቱ ከተለያየ ቅጽበት የመጡ ግማሾች ይሆናሉ፤ ሰውዬው ሲዘል ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ። ቪኤልሲ ላይ የ«ዲ» ቁልፍ ዲኢንተርሌስ ያደርግልሃል፤ ጥርሱን ያለሰልሰዋል ማለት ነው። ቲቪው ግን ከፍላሽ ሲያጫውት አብዛኛውን ጊዜ አያስተካክለውም፤ ስለዚህ ፋይሉን ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አሳልፈው። እዚያ «ዲቴሌሲን» የሚል አለ፤ እሱን ምረጥ። የተደጋገመውን ለቅሞ ያወጣና ያንኑ 24 ምስል ይመልስልሃል። ዋናውን ፋይል ግን እንዳትሰርዝ።

ከዚያ የቲቪውን «እርዳታ» በሙሉ አጥፋ። ሳምሰንግ «አውቶ ሞሽን ፕላስ»፣ ኤልጂ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ «ሞሽንፍሎው» የሚለው ነገር በሁለት ምስል መካከል የሌለ ምስል እየፈጠረ የሚሰካ ነው። ለኳስ ያዋጣ ይሆናል። እዚህ ግን ስፌቱን እንቅስቃሴ እየመሰለው ይደናገራል፤ ሁለት ሰው ሲተናነቅ ሦስተኛ ክንድ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ኖይዝ ሪዳክሽን ይጥፋ፣ አለዚያ ከሪንጉ ጀርባ ያለው ተመልካች ገንፎ ይሆናል። ሻርፕነስ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ። ከለርም ዜሮ! ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ አረንጓዴና ወይን ጠጅ የሚርመሰመስ ነገር ካየህ ከቅጂው የመጣ ቆሻሻ ነው፤ ከለሩን ስትዘጋ እልም ይላል።

ድምፁን በፖዝ ፈትነው። ፊልሙ ቆሞ ጉርምርምታው ከቀጠለ ችግሩ ከቤትህ ነው፤ የስፒከሩን ገመድና ኤርዙን አስፈትሽ። አብሮ ከቆመ የ16 ሚሊሜትር ፊልም ድምፅ ነውና ትሬብሉንና ቤዙን ትንሽ ቀነስ አድርገህ ተወው። አለመግጠሙን ደግሞ ፊልሙ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ለካው፤ ደወሉ ሲመታ ማየት ይበቃል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከዘገየ ቪኤልሲ ላይ በ«ጄ» እና በ«ኬ» ታስተካክለዋለህ። እየሰፋ ከሄደ ግን ሰው ሲገለብጠው ፍጥነቱን አበላሽቷል። 24 እና 23.976 ብቻ እንኳ ቢምታቱ የአንድ ሰዓት ግጥሚያ መጨረሻ ላይ 3.6 ሰከንድ ይርቃል፤ ያኔ ሌላ ቅጂ ብትፈልግ ይሻልሃል።

አሁን ወደ ካሴቱ። እዚህ ነው የምፈራልህ። የአሜሪካ ዴክ ብዙውን ጊዜ 110 ቮልት ነው፤ የእኛ ሶኬት 220 ነው። ከጥቅሉ አውጥተው በደስታ ሰክተው ጭሱን ያሸተቱ ሰዎች በሱቄ በር ገብተዋል። ትራንስፎርመር ይግባበት፤ 50 ዋት የሚችል ትንሹ ይበቃል፣ ዴክ ብዙ አይበላም። አንዳንድ ስታቢላይዘር በጀርባው 110 የሚል ቀዳዳ አለው፤ በመጀመሪያ በሜትር ለክተህ ነው የምትሰካው። እኛ አገር 50 ኸርዝ መሆኑ አያስጨንቅህ፣ ሞተሩ የሚሠራው በዲሲ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ዴክ ከአሜሪካ ባታስመጣም ይሆናል። ካሴቶቹ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የአሜሪካ የቲቪ ሥርዓት የተቀዱ ናቸው፣ እኛ ደግሞ ፓል የሚባለውን ነን፤ በተራ ፓል ዴክ ስታጫውታቸው ከለሩ ይጠፋል፣ ምስሉም ይንከባለላል። እዚህ ሰፈር የምናጫውተው ጥቁርና ነጭ አይደለም እንዴ? ከለሩ ቢጠፋ ማን ይጎዳል? የቀረው መንከባለሉ ነው። «ኤንቲኤስሲ ፕሌይባክ» የሚል ጽሑፍ ያለው ፓል ዴክ እዚሁ አሮጌ ዕቃ ተራ ካገኘህ፣ አብዛኛው ፍላት ቲቪ ያንን ይቀበላል፣ ምስሉም ይቆማል።

ከዚያ በፊት የካሴቱን ክዳን ገልጠህ ቴፑን በባትሪ እይ። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ካለ ሻጋታ ነው፤ ዴክ ውስጥ እንዳታስገባው፣ ሌሎቹንም ይበክላል። ንጹሕ ከሆነ አንዴ እስከ መጨረሻ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ አጠንጥነው፤ ለዓመታት የተቀመጠ ቴፕ ይጣበቃል። ምስሉ በረዶ ከሆነብህ ሄዱ (ዴኩ ውስጥ ቴፑን የሚያነበው ክፍል) ቆሽሿል። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ቪዲዮ ቤቶች በሬስሊንግና በካራቴ ጢም ብለው በሚሞሉበት ዘመን፣ አንድ ደንበኛ ዴክ አመጣልኝ። እኔም ጥጥ በአልኮል ነክሬ ሄዱን ከላይ ወደ ታች ፈተግኩት። የጥጡ ክር ሄዱን ይዞ ነቀለው፤ ከኪሴ ከፈልኩ። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ክር የሌለው ወፍራም ወረቀት ቆርጠህ በአልኮል አርጥበው፤ ወረቀቱን ከበሮው (ሄዱ የተገጠመበት ክብ ብረት) ላይ ሳታንቀሳቅስ ደግፈህ ያዝ፤ በሌላው እጅህ ከበሮውን ከአናቱ ቀስ አድርገህ አዙረው። የሚዞረው ከበሮው ነው፣ ወረቀቱ አይደለም። ወደ ላይ ወደ ታች በፍጹም።

ምስሉ እንደቆመልህ ያኔውኑ ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው። የዩኤስቢ ካፕቸሩን (ዴኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን ዕቃ) ሴቲንግ ከፓል ወደ ኤንቲኤስሲ መቀየሩን አትርሳ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። አጎትህ ደጋግመው ማየት ያለባቸው ፋይሉን ነው፣ ካሴቱን አይደለም።

ዴኩን ከየትም አምጣው፣ ከጀርባው የተለጠፈውን ቮልቴጅ የሚያሳይ ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። መልስ እስክሰጥህ ሶኬት ውስጥ አትሰካው።