ያላየናቸውን አንባቢዎች እንዴት እናመስግን?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዘዞ፣ ጎንደር የምኖር ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ዓይኔ ደክሞ ፊደል መለየት ካቃተኝ ወዲህ የእኅቴ ልጅ ሊብሪቮክስ ከተባለው ነጻ የድምፅ መጻሕፍት ስብስብ በስልኬ እየጫነችልኝ፣ በወጣትነቴ ያነበብኋቸውን የቻርልስ ዲከንስ ልብ ወለዶች እንደ ገና እየሰማሁ ነው። አንባቢዎቹ ያለ አንዳች ክፍያ እንደሚሠሩ ከተረዳሁ በኋላ ሳላመሰግን መቅረት ከብዶኛል። ምስጋናዬን ለማን ላድርስ? ደግሞም ከአንባቢዎቹ አንዱ አንዳንድ ቃላትን አሳስቶ ይጠራል፤ ይህን ብነግረው ነውር ይሆን?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ምስጋናዎ ባለቤት አለው። እያንዳንዱ ምዕራፍ ሲጀምር ቅጂው የሊብሪቮክስ እንደ ሆነና ማንም ያለ ፈቃድ ሊጠቀምበት እንደሚችል የሚናገር አጭር መግቢያ ይሰማሉ፤ ብዙዎቹ አንባቢዎችም እዚያው ላይ ስማቸውን ይጠራሉ። አንዳንዱን መጽሐፍ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሲያነብበው ሌላውን ብዙ ሰዎች ምዕራፍ ተካፍለው ስለሚያነብቡት፣ የመጽሐፉን ርእስ ብቻ ሳይሆን የምዕራፉን ቁጥርና የአንባቢውን ስም አብረው ይያዙ። የእኅትዎ ልጅ መልእክትዎን በድረ ገጹ በኩል ብትልክልዎ ለአንባቢው ይደርሳል።

ስለ መልእክቱ ይዘት አንድ ነገር እንድንል ይፍቀዱልን። «በጣም ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን» የሚለው ቃል መልካም ቢሆንም ለሁሉም ስለሚባል ለማንም የተባለ አይመስልም። የእኛ አገር ተማሪ ዳዊት ሲደግም የኔታ ከፊቱ ተቀምጠው ይሰሙታል፤ ቢሳሳት ይቆጡታል፣ ቢያቃና ፊታቸው ይፈታል። የድምፅ መጽሐፍ አንባቢ ግን በሩን ዘግቶ፣ ከማይክሮፎን በቀር ማንም በሌለበት ክፍል፣ ሰሚ ይኑረው አይኑረው ሳያውቅ ነው የሚያነብበው። ስለዚህ የትኛው ገጸ ባሕርይ ሲናገር እንደ ሳቁ፣ የትኛውን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ እንዳስደገሙ፣ ዓይንዎ ደክሞ ሳለ በማን ድምፅ ወደ መጽሐፍ እንደ ተመለሱ ይጻፉለት። አምስት መስመር ይበቃል።

ከአንባቢው ጀርባ ስላሉትም አንድ ቃል ቢጨምሩ ደግ ነው። ሊብሪቮክስን እ.ኤ.አ. በ2005 ሞንትሪያል፣ ካናዳ የጀመረው ሂዩ ማክጋየር ነው። የሚነበበው ጽሑፍ በብዛት የሚገኘው ማይክል ሃርት እ.ኤ.አ. በ1971 ከመሠረተው፣ መጻሕፍትን በኢንተርኔት በነጻ ከሚያቀርበው ከፕሮጀክት ጉተንበርግ ሲሆን፣ ያለቀው ድምፅ የሚቀመጠው ደግሞ ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው የኢንተርኔት ቤተ መዛግብት ነው። በመካከል ምዕራፎቹን የሚያከፋፍል አስተባባሪ አለ፤ ቅጂው ከመውጣቱ በፊት ሁሉንም አድምጦ የተደገመ ዓረፍተ ነገር፣ የተዘለለ ቦታ ወይም የቀረ ጫጫታ የሚለቅም ሰውም አለ። እነዚህም ያለ ክፍያ የሚሠሩ ናቸው፤ ስማቸው በቅጂው ውስጥ ስለማይጠራም አመስጋኝ የሚያስታውሳቸው ከስንት አንዴ ነው።

ወደ ስሕተቱ ስንመጣ፣ ዕድሜዎን ሙሉ የተማሪ አነጋገር ሲያርሙ የኖሩ ሰው ጆሮዎ ቢቆረቁርዎ አንፈርድብዎም። በንባብ ቤት የግእዙን ቃል አጠራር አሳስቶ ተነሹን ወዳቂ፣ ወዳቂውን ሰያፍ አድርጎ ያነበበ ልጅ በዚያው ቅጽበት እንዲያቃና በሚደረግባት ጎንደር ይህ ስሜት እንግዳ አይደለም። ይሁንና ሁለቱን ነገሮች እንለያቸው። ገጽ ተዘልሎ፣ ዓረፍተ ነገር ተደግሞ ወይም ድምፁ መሐል ላይ ተቋርጦ ከሰሙ ምዕራፉንና ደቂቃውን ጠቅሰው ያሳውቁ፤ ይታረማልና ያመሰግኑዎታል። የአንባቢው የአነጋገር ዘዬ፣ ፍጥነቱና የቃላት አጠራሩ ግን በዚያ ማኅበር ዘንድ ሰውን ከማንበብ የሚያግድ ጉዳይ አይደለም፤ አንባቢዎቹ ከብዙ አገር የመጡ ናቸው፣ ያልጠየቁትን ሂስ መላክም አይበረታታም። እኛም ይህን ደንብ ትክክል ነው እንላለን፤ በነጻ የተሰጠ ሥራ ሆኖ እንከኑን ብቻ የሚሰማ ሰው ሁለተኛ አያነብብምና። ድምፁ ከቶ ካልተስማማዎት ታዋቂ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቅጂ ስላላቸው ሌላውን ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ የኢንተርኔት ጥቅል እያለቀብኝ ስለ ተቸገርሁ፣ አንድ የሊብሪቮክስ መጽሐፍ ለመጫን ስንት እንደሚፈጅ ብትነግሩኝ። (ቀበሌ 18፣ ጎንደር)

መልስ፦ ቅጂዎቹ በሁለት የድምፅ ጥራት መጠን ይገኛሉ። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የተዘጋጀው ለአንድ ሰዓት ንባብ ወደ 29 ሜጋባይት፣ በ128 ኪሎቢት የተዘጋጀው ደግሞ ወደ 58 ሜጋባይት ይወስዳል። ለንግግር ድምፅ አነስተኛው ይበቃል። ዋይፋይ ባለበት አንድ ጊዜ ጭነው በስልክዎ ቢያስቀምጡት መብራትና መስመር ሲጠፋም ይሰማሉ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አባቴ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማውን እስከ ዛሬ ያወሳል። እኔም መጽሐፉን በራሴ ድምፅ ቀርጬ በነጻ ባሰራጨው ለአንባቢዎቹ ምስጋና ይሆንልኛል ብዬ አስባለሁ። ይቻላል? (ማራኪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ አሳብዎ የሚያስመሰግን ቢሆንም መጽሐፉን ይለውጡ። በአገራችን የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከ2046 በፊት ያለ ወራሾቻቸው ፈቃድ መጽሐፉን ቀርጾ ማሰራጨት አይፈቀድም። በነጻ መሆኑም ይህን አይለውጠውም።

በምትኩ የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተመውን፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለውን ልብ ወለድ ይሞክሩ። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1947 ስለ ሞተ የመብቱ ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ከመቅረጽዎ በፊት አንድ ምዕራፍ በእርሳስ ይዘው ያንብቡ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይምና «አለ» ሲላላ የተናገረ፣ ሲጠብቅ የሚኖር ነው፤ «ገና»ም ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ይናገራል። ዓይን በዝምታ የሚያልፈውን ይህን ሁሉ ድምፅ የሚያወጣ ሰው መወሰን አለበት። እያንዳንዱን አጠራጣሪ ቃል ምልክት አድርገውበት የሚሰማዎት አባትዎ ይሁኑ።

ለቀረጻው ከባጃጅ መንገድ የራቀ ክፍል ይምረጡ፤ ጋቢ በግድግዳው ላይ መስቀል ማስተጋባትን ይቀንሳል። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ብቻ ቀርጸው በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት። ሊብሪቮክስም አዲስ አንባቢን የሚቀበለው በእንዲህ ያለ አጭር ሙከራ ጀምሮ ነው።