እኛ ዝም ስንል እናቲቱ ትወቀሳለች
(ለወጣት አዋላጆችና ነርሶች)

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ከእናንተ አንዷ ደብረ ብርሃን ላይ አገኘችኝና «ሲስተር፣ ሕፃኑ የተጎዳው በእኛ እጅ ከሆነ፣ ለቤተሰቡ ብንናገር በሕግ አያስጠይቀንም ወይ?» አለችኝ። መንገድ ላይ ስለነበርን በቅጡ አልመለስኩላትም። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በጥያቄዋ አልተቀየምኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መጀመሪያ ለራስ መፍራት የማንም ሰው ነው። ግን ስለ እናቲቱ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። እናቲቱ ምን እንደምትሆን በቅርብ ያየሁበት ጊዜ አለ፤ እሱን ልንገራችሁ።

2010 ዓ.ም. ነው። በሰሜን ሸዋ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ እሠራ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ከመንዝ በኩል የመጣች ወጣት፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ሌሊት በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ። እንደምታውቁት ለተወለደ ሕፃን ቫይታሚን ኬ 1 ሚሊግራም ጭኑ ላይ ይወጋል፣ ዓይኑ 1 ፐርሰንት ቴትራሳይክሊን ይቀባል፣ እትብቱ ደግሞ ክሎርሄክሲዲን ጄል ይቀባል። የእትብቱ ጄል 7.1 ፐርሰንት ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ የዓይኑን የፊት ሽፋን ያቃጥላል። ሁለቱ ቅባቶች የሚመጡት በትንንሽ ቱቦ ሲሆን፣ ያን ሌሊት አንድ ትሪ ላይ ነበሩ። ተረኛዋ ብቻዋን ነበረች፤ ሌሎች ወላዶችም ይዛለች። የእትብቱ ጄል የሕፃኗ ዓይን ውስጥ ገባ። ይህ ስህተት የእኛ ብቻ እንዳልነበረ ኋላ ነው ያወቅነው፤ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ተመሳሳይ ጉዳት በመድረሱ የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል።

ጠዋት የሕፃኗ የዓይን ቆብ አብጦ አልገለጥ አለ። ተረኛዋ የቴትራሳይክሊኑን ቱቦ ሳይከፈት ስታገኘው ነገሩ ገባት፤ ወዲያው ለኃላፊዋ ተናገረች። አልደበቀችም። ይህን ባለፍኩበት ሁሉ እመሰክርላታለሁ። የሕፃኗ ዓይን በሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውሃ) ታጠበ፣ ግን ሰዓታት አልፈው ነበር። ከዚያ ከበላይ የመጣው ትእዛዝ «ነገሩ እስኪጣራ ማንም ለቤተሰቡ እንዳይናገር» የሚል ሆነ። ለአባትየው «ኢንፌክሽን ነው» ተባለ።

እኔ ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ቤተሰቡ በዚህ ሁኔታ ሁለት ቀን ቆይቷል። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የእነዚያ ሁለት ቀናት ነገር ነው።

ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ገንፎው ላይ ነው። ከዘመድ ቤት ተገንፍቶ የመጣ ገንፎ፣ መሐሉ ያለው ቅቤ በብርዱ ረግቶ፣ ማንኪያ ሳይነካው አልጋው አጠገብ ተቀምጧል። አራሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። አማትየዋ ከጎን አልጋ አስታማሚ ጋር ይጫወታሉ። «በቀትር ብቻዋን ወጣች፤ ብረት እንኳ ሳትይዝ። ነግሬያት ነበር። ይኸው ምች የልጅቷን ዓይን መታው» ይላሉ። የወጣችው ወደ ሽንት ቤት ነበር። አራሷ ሁሉንም ትሰማለች፤ መልስ አልሰጠችም፤ አምናበታለች መሰለኝ።

ባህሉን አልነቅፍም። አራስ ብቻዋን አትተው ማለት ደም ሲፈሳት አጠገቧ ሰው ይኖራል ማለት ነው፤ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ያናደደኝ የእኛ ነገር ነው። ልጅ ሲጎዳበት ሰው ምክንያት ሳይፈልግ አያድርም። ምክንያቱን የምናውቀው እኛ ስንደብቀው፣ ጥፋተኛዋ እናቲቱ ሆነች። ገና ወገቧ ሳይጠና።

አባትየው ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነጭ ጋውን የለበሰ ባለፈ ቁጥር «ዶክተር፣ ዓይኗን ምን ነካብን?» ይላል። ሁሉም «ይሻላታል» እያለ ያልፈዋል። አንዱ ወጣት ከስልኩ ላይ ቀና እንኳ አላለም። እውነቱን ልናገር፣ የዛሬ ልጆች በእውቀት ትበልጡናላችሁ፤ ጋይድላይኑን ከነገጹ ትጠቅሳላችሁ። ሰው አጠገብ አረፍ ማለት ግን ይከብዳችኋል። እኛ በማሾ ብርሃን ስናዋልድ መብራቱም መሣሪያውም ስለሌለ ምጥ የያዛትን ሴት ጀርባዋን እያሸን ማደር ነበር ሥራችን። አንዴ ጣርማበር ላይ ጉም መንገዱን ዘግቶብን ከአንዲት ወላድ ጋር አምቡላንስ ውስጥ እስኪገለጥ ጠብቀናል፤ ስለ በጎቿ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ሞተባት ወንድሟ ስታጫውተኝ ምጧን ረሳችው። ከዚያ ወዲህ ቆሜ የምናገረው ነገር ሰው ጆሮ የሚገባ አይመስለኝም።

ወደ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ሄድኩ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ «እንግዲያው አብረን እንግባ» አለ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። አባትየውን ከኮሪደሩ ጠራነው፤ አማትየዋም እንዲቀመጡ ለመንኳቸው፤ እሳቸው ካልሰሙ ነገሩ ዋጋ አልነበረውም። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«የልጅቷ ዓይን ምች አልመታውም፤ እናቷም ያጠፋችው ነገር የለም» አልኩ። «ጥፋቱ የእኛ ነው። ለእትብቷ የሚቀባውን መድኃኒት ተሳስተን ዓይኗ ውስጥ ጨመርነው። እስከ ዛሬ ሳንነግራችሁ መቆየታችንም ሁለተኛ በደል ነው። ይቅርታ አድርጉልን።»

አባትየው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ታያለች?» አለ። ዳይሬክተሩ ሊያጽናናው ሲጀምር አቋረጥኩት። «ገና አናውቅም። የዓይን ሐኪም ማየት አለባት፤ ዛሬውኑ እንልካታለን» አልኩት።

አራሷ ከግድግዳው ዞረች። ያየችው እኔን አይደለም፣ ዳይሬክተሩንም አይደለም። አማቷን አየችና «እንግዲያ እኔ አይደለሁማ?» አለች። አማትየዋ ተነሥተው የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ደረቡላትና አብረው ማልቀስ ጀመሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገንፎው እንዲሞቅላት የጠየቀችው ያን ዕለት ከሰዓት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በማግስቱ ጠዋት አባትየው እየጮኸ መጣ። ጉዳቱን ያደረሰችውን ሰው አምጡልኝ አለ። ወጣቶቹ ዘበኛ ጠሩ። ዘበኛ አትጥሩ! ልጁ የተጎዳበት ሰው መጮህ መብቱ ነው፤ እጁን እስካላነሣ ድረስ ይጩህ። ዘበኛውን መለስኩትና ውጭ አግዳሚው ላይ አብሬው ተቀመጥኩ። ሲደክመው አለቀሰ። የተረኛዋን ስም አልሰጠሁትም። እሷ ዕለቱን ገብታ እግሩ ላይ ልትወድቅ ፈልጋ ነበር፤ ከለከልኳት። ንዴቱ ትኩስ ሆኖ ሳለ የእሷን ለቅሶ ማጽናናት በእሱ ላይ ሌላ ሸክም መጫን ነው። በኋላ እሱ ራሱ ሲፈቅድ ገብታ ይቅርታ ጠየቀች። ምንም አላላትም፤ ግን እስክትጨርስ ሰማት። እሷንም አትርሷት። ከዚያ ሌሊት በኋላ አብሯት ምሳ የሚበላ ሠራተኛ ጠፍቶ ነበር።

ለቤተሰብ የማታውቁትን ተስፋ አትስጡ እላለሁ ሁልጊዜ። ያኔ ግን ለእናቲቱ «እስከ መጨረሻው አብሬሽ ነኝ» አልኳት፤ ምን እንደሚመጣ ሳላውቅ። አሁንም ብሆን እንደዚያው እላታለሁ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመንዝ ገበሬ ቤት ሲታሰብ ግን ሌላ አገር ነው። የት ያድራሉ? የዓይን ክፍሉን ማን ያሳያቸዋል? የሪፈር ወረቀቱ ላይ «የዓይን ኢንፌክሽን» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ አስቀደድኩትና የሆነው ነገር፣ የመድኃኒቱ ስም፣ የታጠበበት ሰዓት እንዲጻፍ አስደረግሁ። ያ ወረቀት ካልተስተካከለ እዚያ ያለው ሐኪም በጨለማ ነው የሚሠራው። አንድ ወጣት ነርስ አብሯቸው ሄደ። ስልኩ ላይ አቀርቅሯል ያልኳችሁ ያው ልጅ ነው፤ የልጅቷን ዓይን በየጊዜው ፎቶ አንሥቶ ይልክልኝ ነበር፤ ቀጠሮ ሲደርስ ለአባትየው የሚደውልለትም እሱ ነበር። ስለዚህ ስለ ስልኩ ያልኩትን ለእሱ አንሥቻለሁ።

ለ80 ቀን ክርስትናዋ አንደኛው ዓይኗ ጠርቶ ነበር። ሌላው ላይ ነጭ ጠባሳ ቀረ።

ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ትሪ ላይ አይቀመጡ የሚለውን አልደግምላችሁም፤ የእትብቱ ጄል ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ማንንም ሳትጠብቁ እዚያው በሳላይን፣ ከሌለ በንጹሕ ውሃ፣ በብዙ እጠቡ።

ላቺ ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ አዎ፣ ሊያስጠይቅ ይችላል። ቤተሰቡ ለሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም እስከ ክልሉ ጤና ቢሮ አቤት የማለት መብት አለው። ይህንንም ራስሽ ንገሪያቸው። ከሌላ ሰው ሲሰሙት ይህንንም ደበቁን ይላሉ።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ። አባትየው በሬውን ሊሸጥ ማሰቡን ስንሰማ ሠራተኛው አዋጣ። በመሠረቱ መዋጮ አልወድም፤ ዕዳው የሆስፒታሉ እንጂ ደመወዟ ለቤት ኪራይ የማይበቃት ነርስ ዕዳ አይደለም። ያኔ ግን ቀድሜ ካዋጡት አንዷ ነኝ፤ ገበሬ በሬውን ሸጦ ምን ሊያርስ ነው? እናንተ ከማዋጣታችሁ በፊት ማመልከቻውን ጻፉ፤ ሆስፒታሉ የትራንስፖርቱንና የማደሪያውን ወጪ እንዲሸፍን ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍና በማኅተም ተቀበሉ። ቅጂውን ለቤተሰቡ ስጧቸው፤ ከጀርባው ላይም ሲደወልለት የሚያነሣ አንድ ሰው ስልክ ቁጥር ጻፉበት።